የጓሮዬ ወፎች ግሪሳ አይደሉም

ዋጃ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ፤

አባባ ደህና ነው፤ ጉልበቱ ቢያስቸግረውም ማሳውን ሳያይ አይውልም። የላክህለትን ብር ለመድኃኒቱ አውሎታል፣ መርቆሃል። ዘንድሮ ማሽላው ያምራል። ደጋሌት የሚባለው ዝርያ ገና ነው፤ ቶሎ የሚደርሰው ዝርያ ግን ወተት ይዟል፣ የሰፈሩ ልጆችም ማማ ላይ ወጥተዋል። ቀድሞ የደረሰ ማሳ የአገሩ ወፍ ሁሉ እንደሚያርፍበት አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ጠዋት ጠዋት የጅራፋቸው ጩኸት እስከ ጓሮዬ ይሰማል።

ባለፈው በኢሞ ጓሮዬን ሳሳይህ የተናገርከው ከልቤ አልወጣም። «እኛ ወፍ ስናባርር አድገን አንቺ ወፍ ትቀልቢያለሽ?» አልከኝ። ቅር እንዳለህ ድምፅህ ያስታውቅ ነበር። ወዲያው ኔትወርኩ ተቋረጠ። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ አይደለምና ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ድካምህን አልረሳሁትም፣ ወንድም ዓለም። ጎህ ሳይቀድ ቁራሽ እንጀራ ቋጥረህ ትወጣለህ፤ ማታ ስትመለስ ከጩኸት ብዛት ድምፅህ ተዘግቶ፣ ወንጭፉ ጣትህን ልጦት ነው። እማማ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ጣትህን ቅቤ እየቀባች «የኔ ጀግና» ትልህ ነበር። እኩዮችህ በመስከረም ደብተር ይዘው ሲሄዱ አንተ እህሉ እስኪታጨድ ማማ ላይ ነህ። ዛሬ አስተማሪ ሆኜ በጥቅምት ክፍል ስገባ ባዶ የሚሆኑት መቀመጫዎች የማን እንደሆኑ ስም ሳልጠራ አውቃለሁ። ስለዚህ ግሪሳን ውደድልኝ ልልህ አልተነሳሁም። አንዷ ግሪሳ ክብደቷ 20 ግራም ቢሆን ነው፤ በቀን የምትበላውም ወደ 10 ግራም ገደማ ነው። መንጋው ሚሊዮን ሲሞላ ግን በቀን 100 ኩንታል እህል አለቀ ማለት ነው። በዓለም ላይ በቁጥር የሚበልጣት የዱር ወፍ የለም ይባላል። የአባባ ማሳ ዓይናችን እያየ አገዳ ብቻ ሆኖ የቀረበት ጠዋት ዛሬም ያመኛል።

መንጋው በሚያድርበት ግራርና ቄጠማ ላይ በአውሮፕላን መድኃኒት እንደሚረጭም ታውቃለህ። ገበሬ የዓመት ጉሮሮው ሲዘጋ ተረጨ ብዬ የምፈርድበት አንደበት የለኝም። የሚያሳዝነኝ መርዙ ወፍ አለመምረጡ ነው፤ የሞተችውን ግሪሳ ያነሳ ጭልፊትና ጉጉትም አብሮ ይሞታል። ጉጉት ሲያልቅ ደግሞ ጎተራችን ውስጥ ያለውን አይጥ ማን ይይዝልናል?

ግሪሳ የሚወደው ሜዳ ነው፤ የሚሄደውም በመንጋ ነው። ወደ እኔ ጓሮ የሚመጡት ሌሎች ናቸው። በስልኩ መስኮት በደንብ አላየሃቸውምና እንደገና ላሳይህ። አጥሩ ጥግ ካለችው ቁርቁራ ሥር፣ ከተሰበረው የእማማ እንስራ የተረፈውን ትልቁን ገል ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ውሃ እሞላበታለሁ። ጥልቀቱ ሁለት ጣት ብቻ ነው፣ ትንንሾቹ እንዳይሰምጡ። ከቁርቁራዋ ያስጠጋሁት ጭልፊት ሲያንዣብብ እሾሁ ውስጥ እንዲገቡ ነው፤ ድመቷ እንዳታደፍጥ ደግሞ ዙሪያውን ያለውን ሣር አጭጄዋለሁ። እህሉ ጥቂት ነው፤ ከወንፊት የተረፈ ግርድና ስባሪ ማሽላ። ጨውና በርበሬ የነካው ፍርፋሪ አልሰጣቸውም። አባባ እህሌን ለወፍ ጨረስሽብኝ ብሎኝ አያውቅም። ቁም ነገሩ ውሃው ነው። ቆላችን ከጥር ወዲያ እንዴት እንደሚሆን አንተው ታውቃለህ፤ ወንዙ አሸዋ ብቻ ይሆናል፣ ነፋሱ ያቃጥላል። ዘር የሚለቅም ወፍ ምግቡ ደረቅ ነውና ውሃ ሳያገኝ ብዙ አይሰነብትም። ውሃውን በየጠዋቱ ደፍቼ፣ ገሉን በአሸዋ ፈትጌ እንደገና እሞላለሁ፤ የቆየ ውሃ በሽታ ያስተላልፍባቸዋል።

መጀመሪያ የሚመጡት ጥንዶች ናቸው። ወንዱ ቀይ፣ ሴቷ ወደ ቡናማ የምታደላ፣ መንቁራቸው ቀላ ያለ፤ ማዕድ ቤት ደጃፍ ድረስ እየገቡ የሚለቅሙት እነዚያ። ገሉ ጠርዝ ላይ ቆመው ዙሪያቸውን ቃኝተው፣ መንቁራቸውን ነከር አድርገው ቀና ይላሉ፤ ውሃው በጉሮሯቸው የሚወርደው ራሳቸውን ሲያቀኑ ነው። ዋኔ ስትመጣ ግን እይ፤ እሷ መንቁሯን ውሃ ውስጥ እንደከተተች ራሷን ሳታቀና ትምጋለች፣ ጠጥታ ጨርሳ ነው ቀና የምትለው። ከዋኔና ከርግብ ወገን በቀር እንዲህ የሚጠጣ ወፍ ጥቂት ነው። እማማ በር ላይ ተቀምጣ ስታያቸው ኖራ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ከነዚያ ቀያዮች የማይርቅ አንድ ጥቁር ወፍም አለ፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ሰማያዊ ያንፀባርቃል፣ እግሩ ቀላ ያለ ነው። የእሱ ወገን ጎጆ አይሠራም። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው ቀያዮቹ ጎጆ ውስጥ ነው፤ እነሱም እንደ ልጃቸው አብልተው ያሳድጉታል። ጫጩቱ አድጎ ሲዘፍን ታዲያ ያሳዳጊዎቹን ዜማ አብሮ ይዘፍናል። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ወላጆቻቸው ዓረብ አገር ሆነው በአያትና በአክስት እጅ ያደጉት ልጆች ፊታቸው ሲፈካ ብታይ!

ቢጫዎቹም አሉ፤ ግራሩ ጫፍ ላይ ጎጆ የሚያንጠለጥሉት። ወንዱ ፊቱ ላይ ቡናማ ጭምብል አለው። ሣር እየሰነጠቀ ይጎነጉናል፤ ሴቷ ገብታ ፈትሻ ካልወደደችው ሌላ ይጀምራል። እነዚህ ማሽላ ይበላሉ፣ አልዋሽህም። ለጫጩቶቻቸው የሚያመጡት ግን ትልና ፌንጣ ነው፤ የማሽላ አገዳ የሚበሉትን ጭምር። እህል ለቃሚዎቹ ብዙዎቹ ልጅ ሲያሳድጉ እንዲህ ናቸው።

በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ አንበጣው ራያን እንዴት እንዳለበሳት ታስታውሳለህ። ከቆቦ እስከ አላማጣ ሰው ቆርቆሮና ጀሪካን እየቀጠቀጠ ሲጮህ ሰማይ ላይ ጭልፊቱም ሽመላውም እየጠለፈ ይበላ ነበር። ወፍ ያን ሁሉ አንበጣ ይጨርሳል አልልህም፤ ሚሊዮን ሆኖ ለተነሳ መንጋ የሚበቃ ወፍ የለም። ገና መሬት ላይ ሲንፏቀቅ፣ ጥቂት ሳለ ግን የሚለቅመው ወፍ ነው። ቻይናዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 ድንቢጥ እህል ትበላለች ብለው ሕዝቡ ሁሉ ድስት እየደበደበ፣ ደክሟት እስክትወድቅ ያሳድዳት ነበር። ከዚያ ተባዩ ማሳውን ወረረው፤ በ1960 ድንቢጥን ከጠላት መዝገብ ፍቀው በምትኳ ትኋን አስገቡ። በእነዚያ ዓመታት ለደረሰባቸው ረሃብ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ይህ ግን አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ረሃብን የምናውቅ የወሎ ሰዎች ነንና ይህን ሳነብ ቀላል አልሆነልኝም።

አሁን ደግሞ አንተ ስላለህበት አገር ልንገርህ። ቅድም የነገርኩህ ቢጫ ወፍ ፈረንጆቹ ሩፔል በተባለ ጀርመናዊ ተጓዥ ስም ይጠሩታል፤ በፈረንጆቹ 1830ዎቹ አገራችን መጥቶ ነበር። ይህ ወፍ በእኛ ቆላ ይኖራል፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም በየመንና በሳዑዲ ደቡብ ምዕራብ ይኖራል። ጂዛን ማለት እኮ እዚያው ነው! አንተ ከምትሠራበት እርሻ ዳር ያለውን ግራር እስኪ ቀና ብለህ እየው፤ የሚንጠለጠል ጎጆ ካለ የእኛው ወፍ ሊሆን ይችላል። በዚህ ወር ደግሞ ትልልቆቹ ንስሮች ከሩሲያና ከካዛክስታን ሜዳ ተነስተው በዓረብ ምድር አድርገው በባብ ኤል መንደብ ወደ ጅቡቲ ይሻገራሉ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 እዚያ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች በአንድ ወቅት ብቻ ከ200 ሺህ በላይ አዳኝ ወፎች ሲሻገሩ አይተዋል። ረፋዱ ላይ ዞብል ተራራ አናት ላይ ሲያንዣብቡ ሳይ፣ አንተ ያለህበትን ሰማይ አልፈው የመጡ ስለሆኑ ዓይኔ ቶሎ አይነቀልላቸውም።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። አንተ ጭልፊት ከመድረሱ በፊት የትኛው ወፍ ቀድሞ እንደሚጮህ፣ መንጋው ከየት በኩል እንደሚነሳ፣ ዝናብ ሲመጣ ማን ዝም እንደሚል ለይተህ ታውቅ ነበር። ያንን ማማ ላይ የተማርከው አንተ ነህ፤ እኔ መጽሐፍ አገላብጬም አላገኘሁትም። ተማሪዎቼ ግማሾቹ አሁን ማማ ላይ ናቸው፤ በኅዳር መጨረሻ ሲመለሱ ያዩትን ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ። አንተም የምታውቀውን በድምፅ ቅረጽና ላክልኝ፤ ክፍል ውስጥ አሰማቸዋለሁ፣ ወንድሜ ነው እላቸዋለሁ። ከቻልክ ደግሞ እዚያ ከምታድርበት ጣሪያ ላይ በጥላ በኩል በጎድጓዳ ሳህን ውሃ አኑር። የጂዛን ሙቀት ከእኛ የባሰ ነው ብለኸኛል።

ራስህን ጠብቅ፣ በቀትር አትሥራ። እሁድ ማታ ኔትወርክ ሲሻል ደውልልኝ፤ አባባም ሊያናግርህ ይፈልጋል።

አዝላ ያሳደገችህ እህትህ