ክሬም የሌለበት የክሬም ስጎ፤ ከሮም እስከ ገራዶ

የአትክልት ክሬም ስጎ ፓስታ ላይ የሚፈስ፣ ነጣ ብሎ ወፈር ያለ፣ ከማንኪያ ላይ ጥቂት አመንትቶ የሚወርድ ማባያ ነው። ይህን ጠባዩን የሚያገኘው ከወተት ሳይሆን በስሎ ከላመ አትክልት ነው። ዝኩኒ፣ ድንች፣ አበባ ጎመን ወይም ዱባ በቁሌት ይበስላል፣ ይፈጫል፣ ከዚያም ፓስታው በተቀቀለበት ውሃ ይቀጥናል። ከመጣድ እስከ ማቅረብ ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሚበቃው የሥራ ቀን እራት ነው፤ ከሥራ የተመለሰና ዛሬም ሽሮ ላለመሥራት ሰበብ የሚፈልግ ሰው ይወደዋል። አመጣጡ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «የፈረንጅ ነው» የሚል ነው። መልሱ ግማሽ እውነት አለው። ፓስታው በርግጥ ከውጭ መጣ፤ ክሬም የሌለበት ክሬም ግን ፓስታው ሲደርስ ወሎ ውስጥ በየጾሙ ይሠራ ነበር።

ፈረንጁም ቢሆን ክሬሙን ያገኘው ዘግይቶ ነው። በዓለም ስሙ የገነነው የክሬም ፓስታ ፌቱቺኒ አልፍሬዶ ነው። እንደሚተረከው፣ ሮም ውስጥ ምግብ ቤት የነበረው አልፍሬዶ ዲ ሌሊዮ በ1908 እ.ኤ.አ. ገደማ ሚስቱ ወልዳ ምግብ አልበላ ሲላት ትኩስ ፓስታ በቅቤና በፓርሚጃኖ አይብ አሽቶ አቀረበላት። ወሎ ቢሆን ኖሮ ለአራሷ ገንፎ በቅቤ ይገነፋላት ነበር፤ ሐሳቡ አንድ ነው። በዚያ ሳህን ላይ ክሬም አልነበረም። ስጎውን ያወፈረው የቀለጠው ቅቤና አይብ ከፓስታው ውሃ ጋር መዋሐዱ ነበር። ክሬሙ የተጨመረው ምግቡ አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ ከገባ በኋላ ነው። በዱቄት፣ በቅቤና በወተት የሚሠራውና ላዛኛ ላይ የሚፈሰው ነጭ ስጎ፣ ቤሻሜል፣ ስሙን የወረሰው ደግሞ ከፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የቤተ መንግሥት ሹም ከሉዊ ደ ቤሻሜይ ነው። ሰውየው የገንዘብ ሰው እንጂ ወጥ ቤት አልነበረም። ሹም በስሙ ወጥ እንዲጠራለት ወጥ መሥራት እንደማያስፈልገው ማንም ያውቃል።

የፓስታውም የትውልድ ሐረግ ከሚጠበቀው ይረዝማል። የደረቀ ፓስታ በብዛት እየተሠራ ለገበያ ስለመቅረቡ ከሚናገሩት የቆዩ ምስክሮች ዋናው የጂኦግራፊ ሊቁ አል ኢድሪሲ ነው። በ1154 እ.ኤ.አ. ለሲሲሊው ንጉሥ ለሮጀር 2ኛ ባዘጋጀው መጽሐፍ፣ በፓሌርሞ አቅራቢያ ባለችው ትራቢያ ፓስታ በብዛት እንደሚሠራና በመርከብ ተጭኖ ወደ እስላሙም ወደ ክርስቲያኑም አገር እንደሚላክ ጽፏል። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን የቆሙባት ደሴ ለዚህ ጭነት ተስማሚ መድረሻ ነበረች፤ ጭነቱ እስኪደርስ ግን ስምንት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነበር፣ ሲደርስም በሰላም አልነበረም።

የጣልያን ጦር ደሴ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከተማዋን የለቀቀው ከኮምቦልቻ በላይ ባለው መተላለፊያ ላይ በተደረገው ውጊያ በደቡብ አፍሪካ ጦርና በኢትዮጵያ አርበኞች ከተሸነፈ በኋላ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በዚህ አምስት ዓመት ውስጥ የአዲስ አበባና የአስመራ መንገድ በደሴ በኩል ተሠራ፤ ከአሰብ ወደብ የሚመጣውም መንገድ ኮምቦልቻ ላይ ከዚሁ ጋር ተጋጠመ። ወራሪው ሲወጣ መንገዱን፣ «ፒያሳ» የሚለውን የሰፈር ስምና ፓስታን ትቶ ሄደ። ከሦስቱ ፓስታው ከሁሉ በላይ ተስማማ፤ መንገዱ በየጊዜው ጥገና ይጠይቃል።

የነገሩ ምጸት ያለው ስንዴው ላይ ነው። ጥሩ ፓስታ የሚሠራው ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ ነው፣ የኢትዮጵያ ደጋም ከዚህ ስንዴ ጋር ያለው ዝምድና እጅግ የቆየ ነው። ሩሲያዊው የእጽዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. አገሪቱን ሲጎበኝ ባየው የዱረም ዓይነት ብዛት ተገርሞ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መነሻ ማዕከሎች አንዷ አድርጎ መዝግቧታል። ባለ ስንዴው ገበሬ እህሉን ለቂጣ፣ ለዳቦ፣ ለንፍሮና ለቆሎ ሲያውል ከኖረ በኋላ፣ ያንኑ እህል በእሽግ ታስሮ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ገዝቶ በላው።

ገዝቶ በላው ማለት ግን እንዳለ ተቀበለው ማለት አይደለም። ፓስታ ደሴ ከገባ በኋላ ሌላ ምግብ ሆነ። ቁሌቱ በደንብ በሰለ ሽንኩርት ተሠራ፣ ስጎው በርበሬ ገባበት፣ ሳህኑ አጠገብ እንጀራ ተቀመጠ። ፓስታን በእንጀራ ጠቅልሎ መጉረስ ለሮም ሰው ስድብ ነው፤ ለደሴ ሰው ግን እጅ ሹካ ከማወቁ በፊት ጉርሻ ያውቅ ነበርና ነገሩ የሚያከራክር አይደለም። ከዚህም በላይ የለወጠው የቀን መቁጠሪያው ነው። በኦርቶዶክሱ ቤት ረቡዕና ዓርብ ጾም ናቸው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ካሉት አምስት የሥራ ቀን እራቶች በሁለቱ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይነኩም ማለት ነው። በዚህ ላይ 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾምና ሌሎቹ አጽዋማት ሲጨመሩ ክሬም ብዙውን ጊዜ ከማዕድ ውጭ ይሆናል። ለዚህ ነው በየምግብ ቤቱ ዝርዝር ላይ «ፓስታ በአትክልት» ከ«ፓስታ በሥጋ» ጎን የማይጠፋው። ክሬሙን ከፓስታ ላይ ያነሳው ስለ ኮሌስትሮል የሚመክር ሐኪም ሳይሆን ጾም ነው።

አትክልት የተመረጠበት ሁለተኛው ምክንያት ጉርብትና ነው። በወሎ እስላምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ይኖራሉ፤ ለሠርግና ለልቅሶ አብረው ይቀመጣሉ። የሥጋው ድስት ግን እንደ አራጁ ይለያያል። አትክልት አራጅ የለውም። ስለዚህ ማን ይመጣ ይሆን ለሚባልበት ምሽት ከአትክልት የተሠራ ስጎ ለቤቱ እመቤት ከጥያቄም ከሁለት ድስትም ይገላግላታል።

ያለ ወተት ነጭና ልስልስ ነገር የመሥራቱ ጥበብ ለጾም ወጥ ቤት አዲስ አይደለም። ሱፍ ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠለል ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ ሱፍ ፍትፍት የሚሠራው በዚህ ነው። ነጭ ያደረገው የፍሬው ዘይት በጥቃቅኑ ተከፋፍሎ ውሃው ውስጥ መንሳፈፉ ነው፣ የላም ወተትም የሚነጣው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። እልበት ደግሞ የባቄላና የምስር ዱቄት ከአብሽ ጋር ተገንፍቶ ሲበርድ ይመታል፤ እየተመታ አየር ይይዝና ይነጣል፣ ይለሰልሳል። ስልጆ የባቄላ ዱቄትንና የሱፍ ውሃን አዋህዶ ሰናፍጭ እየጨመረ ያኮመጥጣል። ሽሮም ራሱ ዱቄቱ ውሃ ጠጥቶ በመወፈሩ የቆመ ወጥ ነው። ፓስታ በመጣ ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ላዩ ላይ ማፍሰስ ለማንም አልታየም፤ እንግዳ ምግብ እንግዳ ማባያ ይገባዋል ተብሎ ይሆናል።

አትክልቱን በተመለከተ የደሴ ሰው ሩቅ አይሄድም። ገራዶ ከደሴ በስተምዕራብ ከጦሳ ተራራ ማዶ የሚገኝ፣ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ የሚያልፍበት ሸለቆ ነው። በዙሪያው ያለው ደጋ ድንች፣ ካሮት፣ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ይሰጣል፤ ሰፈሩ በስሙ እስከመጠራት የደረሰው የደሴ ሰኞ ገበያም ለሳምንቱ እራት ጥሩ መነሻ ነው። ከአትክልቶቹ ውስጥ አንጋፋ የሚመስለው ድንች በአገሩ ገና እንግዳ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የእጽዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐር መሆኑና ጊዜውም 1858 እ.ኤ.አ. መሆኑ ይጠቀሳል። ፓስታን በመቶ ዓመት እንኳ አይበልጠውም።

ስጎውን የሚያወፍሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ስታርች ነው፤ ከድንቹና ከፓስታው ውሃ ይገኛል። ስታርች በ60 እና በ70 ዲግሪ ሴልሲየስ መካከል ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ፈሳሹንም ይይዘዋል። እንጀራ የሚጋግር ሁሉ ይህን በአብሲት ያውቀዋል፤ ከሊጡ ጥቂቱ በፈላ ውሃ በስሎ ሲመለስ ሊጡን ሁሉ ያሳምረዋል። ሁለተኛው የአትክልቱ ሥጋ ነው። በስሎ በደንብ ሲፈጭ ቅንጣቱ ምላስ ሊለየው ከማይችለው በታች ይደቃል፤ አፍም ልስላሴውን ከቅባት የመጣ ይመስለዋል። ዝኩኒ ጣዕሙ ዝምተኛ ስለሆነ ለመሠረትነት ይመረጣል። ዱባ ያጣፍጣል፣ ካሮት ቀለም ይሰጣል። አበባ ጎመን ከሁሉ ነጭ ነው፣ ሲበስል ግን ሽታውን ለጎረቤት ያካፍላል።

ለአራት ሰው 600 ግራም ዝኩኒ፣ አንድ መካከለኛ ድንች፣ አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 400 ግራም ፓስታ ይበቃል። ሽንኩርቱ በዘይት በመጠነኛ እሳት ይቁላላል፤ ሳይቀላ መለስለስ አለበት፣ ከቀላ ስጎው ነጭነቱን ያጣል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ በትንሹ የተከተፈው ድንችና ዝኩኒው ይከተላሉ፤ አንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃና ጨው ገብቶ ድስቱ ይከደናል። ድንቹ በሹካ ሲነካ የሚፈርስ ከሆነ በቂ ነው። ይህ በሚበስልበት ጊዜ ፓስታው በሌላ ድስት ጨው ባለው ውሃ ይቀቀላል፤ ከመጠለሉ በፊት ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይቀመጥለታል። ይህን ውሃ መድፋት የስጎውን ግማሽ መድፋት ነው። አትክልቱ በጁስ መፍጫ ይፈጫል፤ እየተቀመሰ በጨውና በቁንዶ በርበሬ ይስተካከላል። በመጨረሻ ፓስታውና ስጎው በአንድ ድስት ለአንድ ሁለት ደቂቃ እሳት ላይ ይታሻሉ፣ የተቀመጠውም ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። ጾም ከሆነ አንድ ጭልፋ የሱፍ ውሃ፣ ፍስክ ከሆነ አንድ ጭልፋ ወተት ወይም አይብ ይገባል፤ ከእሳት ሲወርድ ጥቂት ሎሚ ይጨመቅበታል።

የክብደቱ ልዩነት በቁጥር ይታያል። ከ35 በመቶ በላይ ስብ ያለው ክሬም በ100 ግራም 340 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው፤ ዝኩኒ በተመሳሳይ መጠን 17 ገደማ ብቻ ነው። ግማሽ ሊትር ክሬም ለአራት ሰው ሲከፈል ለእያንዳንዱ ከ400 በላይ ይደርሰዋል፤ ከላይ የተገለጸው ስጎ ዘይቱ ተደምሮ ለአንድ ሰው 130 ገደማ ነው፣ ግማሽ ያህሉም የዘይቱ ነው። ዘይቱን በማንኪያ ሳይሆን በጀሪካን እያዘነበለ የሚያፈስስ ሰው ይህን ስሌት አለማንበቡ ይሻላል።

ደሴ ላይ ከፍታውም መታሰብ አለበት። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዝቅ ብላ ባለችው ኮምቦልቻ ደግሞ በ94 አካባቢ። ስለዚህ እሽጉ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ለባሕር ጠረፍ ሰው የተጻፈ ነው፤ ደሴ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይጨመርበታል፣ ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ያነሰ። ስታርቹ ከ70 ዲግሪ በታች ስለሚያብጥ መወፈሩ አይጓደልም፤ የሚዘገየው የአትክልቱ መላም ነው። መፍትሔው ድስቱን መክደንና አትክልቱን አሳንሶ መክተፍ ነው።

ስጎው የሚበላሽባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። ድንቹ ከበዛና መፍጫው ላይ ከቆየ ስታርቹ ይሳሳብና ሙጫ ይመስላል፤ ስለዚህ ድንቹ ከአንድ አይበልጥ፣ መፍጨቱም አጭር ይሁን። ውሃው በአንዴ ከፈሰሰ ይቀጥናል፤ እንደገና የሚያስቆመው ሳይከደን ጥቂት ማፍላት ብቻ ነው። ሎሚ ወተት ከገባበት ጋር አብሮ ከፈላ ወተቱን ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይጨመራል። መብራት ቢጠፋ በደንብ የበሰለው አትክልት በጭልፋ ጀርባ እየተደቆሰ በወንፊት ያልፋል። እንዲህ የተሠራው ትንሽ ይሻክራል፣ ድንቹ ግን ሙጫ አይሆንም።

የተረፈው ስጎ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል። ሲበርድ ይጠነክራል፤ ሲሞቅ በጥቂት ሙቅ ውሃ ይፈታል። ፓስታው አልቆ ስጎው ብቻ ከቀረ ጠዋት በእንጀራ ይበላል፤ ያኔ ጣልያንም ፈረንሳይም ይገባኛል የሚሉት ነገር አይኖርም።