አምስቱ ጥቁሮች፦ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ

ጥር ለአዊ መልካም ወር ነው። ክረምቱን ሙሉ ውኃ የጠገበው መሬት አረንጓዴነቱን ገና አልጣለም፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጋቢ ያስለብሳል፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ሰውን ከቤት ታወጣለች። ከባሕር ዳር ተነስቼ መራዊንና ዱርቤቴን አልፌ ወደ አዊ የወረድኩት ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የፈረሰኞች በዓል ለማየት ነበር። ማስታወሻ ደብተሬን የሞላው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ሥራቸው ሙዚቃ ሳይሆን በጎልማሳነታቸው ፒያኖ የሚማሩ ሰዎች። እኔም እንደነሱ በጎልማሳነቴ የጀመርኩ ነኝና ያየሁትን በቸልታ ላልፈው አልቻልኩም።

ዳንግላ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እንግሊዛዊው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የሀገሩ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠባት፣ ጣናንና ዓባይን ሊያጠና ይነሳባት የነበረች ከተማ ናት። የኔ አስተናጋጅ የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው። አርባን ተሻግረዋል። አዲስ አበባ ያለ የጋራ ወዳጃችን «እሳቸውን ሳታይ እንዳትመለስ» ብሎኝ ነበር።

መምህሩ ሲመሽ ከትምህርት ቤት ተመልሰው፣ እጃቸው ላይ የቀረውን ጠመኔ ታጥበው፣ ቡና እስኪፈላ ድረስ ቁጭ የሚሉት ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ፊት ነው። ሰፈሩ «የመምህሩ ኦርጋን» ይለዋል። ሠርግ ላይ ይጫወት ከነበረ ሰው የገዙት ነው። አቧራ እንዳይገባበት አሮጌ ነጠላ ለብሷል። ነጠላውን ሲገልጡት መካከለኛዎቹ ነጭ ቁልፎች ጣት ስለበዛባቸው ወዛቸው ወጥቶ ዳርና ዳር ካሉት ይበልጥ ያብረቀርቃሉ፤ ከበላያቸው በእስክሪብቶ የተጻፈው ዶ፣ ሬ፣ ሚ ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

«እንግዲህ ወንድሜ፣ ነጮቹን እርሳቸው» አሉኝ። «ጥቁሮቹን ብቻ ንካ። እዚያ ላይ ብትሳሳት እንኳ ከትዝታ አትወጣም።»

ነገሩ እውነት ነው። የፒያኖ ጥቁር ቁልፎች ሁለትና ሦስት እየሆኑ በቡድን ይደረደራሉ። ከሦስቱ የግራውን መነሻ አድርጎ ወደ ቀኝ በጥቁሮቹ ላይ ብቻ የተራመደ ሰው አምስት ድምፅ ያገኛል፤ እሱም ሜጀር የሚባለው ትዝታ ነው። መነሻውን ቀይሮ ከሁለቱ ጥቁሮች የቀኙን ቤቱ ቢያደርገው፣ እነዚያው አምስት ቁልፎች ባቲ ማይነር ይሆናሉ። ድምፆቹ አልተለወጡም፤ የሚያርፉበት ቦታ ነው የተለወጠው። መምህሩ ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ አይደለም። ልጅ ሳሉ ክራር ይመቱ ነበር፤ ኪቦርዱን ሲገዙ የሚያውቁትን የክራር ቅኝት በጆሯቸው ፈልገው ቁልፎቹ ላይ አገኙት።

እኔ አዲስ አበባ የተማርኩት በተቃራኒው መንገድ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፌ ሰባቱን ነጭ ቁልፎች በተርታ አስቆጥሮኝ፣ ከዚያ በሕይወቴ ሰምቼው ወደማላውቀው የአውሮፓ የልጆች ዜማ ወሰደኝ። ጣቴ ተፍታታ፤ ጆሮዬ ግን ለብዙ ጊዜ እንግዳ ሆኖ ቆየ። የመምህሩ ተማሪ ብሆን ኖሮ ጆሮዬ ከጣቴ ቀድሞ መንገዱን ያሳየኝ ነበር። አንድ ጎልማሳ ከሥራ በኋላ በሚተርፈው ጥቂት ደቂቃ ሊማር ሲነሳ፣ የሚያውቀውን ዜማ በመጀመሪያው ምሽት ካልሰማ ሁለተኛውን ምሽት አይመጣም። ለዚህ ነው የሀገራችን የፒያኖ ትምህርት ከቅኝት መጀመር አለበት የምለው።

ነጮቹም ቢሆኑ ለኛ ባዕድ አይደሉም። ከላ ተነስቶ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ያለ ሰው ትዝታ ማይነርን አገኘ። እነዚያኑ ድምፆች ከሚ ጀምሮ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ቢላቸው አምባሰል ነው። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ደግሞ ባቲ ሜጀር ይሆናል። እዚህ ድረስ አንድም ጥቁር አልተነካም። አንቺሆዬ ግን ትፈትናለች፤ ከሚ ስትነሳ ሚ፣ ፋ፣ ላ ካለች በኋላ ሲ ፍላትንና ዶ ሻርፕን ትጠይቃለች። ያም ሆኖ መምህሩ በአንቺሆዬ ደስተኛ አይደሉም። «ማሲንቆ የሚመታ ሰው ጣቱን ትንሽ ሳብ ያደርጋል፤ እኔ እዚህ የት ልሳበው?» አሉኝ። በሁለት ቁልፎች መካከል ያለውን ድምፅ ፒያኖ አይሰጥም፤ የኛ ተጫዋቾች ይህን ጉድለት የሚሸፍኑት ዋናውን ድምፅ ከመምታታቸው በፊት ጎረቤቱን በፍጥነት ነካ አድርገው በማለፍ ነው።

መብራት ጠፋ። መምህሩ ከመቀመጫቸው አልተነሱም፤ ኪቦርዱ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። በጨለማው ውስጥ አውራ ጣታቸው ከመካከለኛው ጣት ሥር ሾልኮ ሲያልፍ በስልኬ መብራት አየሁት፤ እጃቸው ከፍ ዝቅ አላለም። ይህችን አንዲት እንቅስቃሴ የቻለ ሰው ከአምስት ጣት በላይ መንገድ መሄድ ይችላል። ያልቻለ እጁን እያነሳ ስለሚጥል ዜማው ይቆራረጥበታል። «መብራት ሲሄድ ይሻለኛል» አሉ፤ «እጄን ስለማላየው እሰማዋለሁ።»

ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ከስልካቸው ከፈቱልኝ። የእኚህን እናት ታሪክ የማያውቅ የፒያኖ ተማሪ እንዲኖር አልፈልግም። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የቀድሞ ስማቸው የውብዳር ነበር፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ እዚያም ቫዮሊን ጀመሩ። የኢጣሊያ ወረራ ሲመጣ ቤተሰቡ ተግዞ ኢጣሊያ ተወሰደ። በኋላ ካይሮ ላይ ከፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሲማሩ በቀን 9 ሰዓት ይለማመዱ ነበር፤ አራቱን በቫዮሊን፣ አምስቱን በፒያኖ። ለንደን ሄደው የመማር ዕድል ሲከለከሉ ሁሉን ትተው በ19 ዓመታቸው ግሸን ማርያም ገቡ። መነኮሱ። አሥር ዓመት ያህል በዚያ ተራራ በባዶ እግራቸው ኖሩ።

መምህሩን የሚገርማቸው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እማሆይ ወደ ፒያኖው ተመለሱ። ጎንደር ሆነው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ የቆሎ ተማሪዎች ቁራሽ እየለመኑ፣ ደጅ እያደሩ ሲማሩ አዩ። ለእነሱ ገንዘብ ለማሰባሰብ ብለው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ የመጀመሪያ ሸክላቸውን አስቀረጹ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ፤ ዓለም በስፋት ያወቃቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራቸውን የያዘው የኢትዮጲክስ የሙዚቃ ስብስብ 21ኛ ቅጽ ሲወጣ ነው። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ። የእሳቸው ፒያኖ ለራሳቸው ገንዘብም ዝናም ሳይጠይቅ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አብሮ የኖረ ነው። በዘመኑ ቋንቋ የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ የምንለው ከዚህ ሌላ ምን እንደሆነ አላውቅም።

«ዘግይቻለሁ» ለሚል ደግሞ ግርማ ይፍራሸዋን እጠራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1967 የተወለደው ይህ ፒያኒስት ልጅነቱን ከክራር ጋር አሳልፎ ፒያኖን ያገኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። የአውሮፓ የሙዚቃ ልጆች በአምስትና በስድስት ዓመታቸው በሚጀምሩት መሣሪያ፣ እሱ ዘግይቶ ተነስቶ ሶፊያ፣ ቡልጋሪያ ድረስ ሄዶ ተማረ፤ ተመልሶም በያሬድ አስተማረ። አምባሰልን በፒያኖ መስማት የሚሻ ሰው የሱን ሥራ ይፈልግ።

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ ቅዳም አካባቢ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ደን ተዘርግቷል፤ በጆንያ የተሞላ ከሰል መንገድ ዳር ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። እንጅባራ ስንደርስ ብርዱ ተቀበለን። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ነባሩ ሰው ዛሬም ኮሶበር ይላታል።

በዓሉ በማግስቱ ነበር። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን ለዓድዋና ለአርበኞች መታሰቢያ በዓሉን በየዓመቱ ያከብራል። ፈረሶቹን ሲያጌጡ ቀርቤ አየሁ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ የልጅ ልጃቸውን ኮርቻ ላይ አውጥተው፣ እርካቡን በቁመቱ ልክ እያሳጠሩ፣ «ጉልበትህን አጥብቅ፣ እጅህን ላላ አድርግ» ይሉታል። ይህን የእጅ ምክር የፒያኖ መምህራንም ይሰጡታል፤ ትከሻና አንጓ ካልላላ ጣት አይሮጥም። ገበሬው ለዚህ ሁሉ ልፋት የሚከፈላቸው የለም። ለፈረሱ ጌጥ የወጣው ብር ተመልሶ አይመጣም። የሚያደርጉት ለክብርና ለፍቅር ነው። ታዲያ «ለማይበላ ነገር ጊዜ ማባከን ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ፒያኖ ለሚማሩት ሲቀርብ፣ አዊ ውስጥ መልሱ አደባባይ ላይ ይጋልባል።

እንጅባራ ያገኘኋት ተማሪ ነርስ ናት፤ የሁለት ልጆች እናት። ሌሊት ተረኛ ካልሆነች ልጆቹን አስተኝታ በጆሮ ማዳመጫ ትለማመዳለች፤ ጎረቤትም ልጅም አይነቃም። የከበዳት ግራ እጇ ነበር። ከኢንተርኔት ያገኘቻቸው ትምህርቶች በግራ እጇ ሦስት ሦስት ድምፅ በአንድ ጊዜ እንድትይዝ ይነግሯታል፤ በትዝታ ላይ ስትሞክረው ግን ዜማው ይጨናነቅባታል። እሷም ትታው በገና እንደሚደረደር አድርጋ አሰበችው፦ ግራ እጇ መነሻውንና በሰባቱ ድምፆች ቆጠራ አምስተኛ የሆነውን ድምፅ ብቻ ረገጥ አድርጎ ይይዛል፣ ቀኟ ይዘምራል። በጥቁሮቹ ላይ ሁለቱም ጥቁር ስለሆኑ ግራ እጅ የትም መፈለግ የለበትም። ቁጭ ብዬ ሰማኋት። ድምፁ ሰፊ ነበር፤ ለዜማው መተንፈሻ ትቶለታል። እኔ ለረጅም ጊዜ ስታገልበት የነበረውን ነገር በአንድ ምሽት ከእሷ ተማርኩ።

«እህቴ፣ መምህር ብታገኚ ምን ትጠይቂዋለሽ?» አልኳት።

«ኖታ» አለች ወዲያው። «በጆሮዬ የምችለውን እችላለሁ። የምረሳውን የምጽፍበት ግን የለኝም።»

ልክ ናት። በጆሮ መጀመር ጥሩ ነው፤ በጆሮ ብቻ መቅረት ግን ሰውን አንድ ቦታ ያቆመዋል።

እውነተኛው ፒያኖስ? መምህሩም ነርሷም እንጨቱን ፒያኖ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት መሣሪያውን ማወቅ ይበቃል። በውስጡ 230 ያህል ሽቦ ተወጥሯል፤ የሁሉም ጉልበት ሲደመር ከ15 ቶን በላይ ነው። ያን የሚሸከመው የብረት አካል ቁመተኛውን ፒያኖ ከ200 ኪሎ በላይ ያደርገዋል። ድምፁን የሚያጎላው ሰፊ ሰሌዳ ደግሞ እንጨት ነው፤ በአዊ ክረምት እርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ይሟሽሻል፣ በዚያው ልክ ቅኝቱ ይወጣል ይወርዳል። ቃኚ ባለሙያ በሌለበት ከተማ እንዲህ ያለ ፒያኖ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ለዳንግላና ለእንጅባራ ሰው ኪቦርድ እንደ ምትክ መታየት የለበትም፤ ለቦታው ትክክለኛው መሣሪያ እሱ ነው። ለመግዛት ያሰበ አንባቢ አንድ ነገር ብቻ ይፈትሽ፦ አንዱን ቁልፍ በቀስታ፣ ከዚያ በኃይል ይምታው። ድምፁ በሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆነ ይተወው፤ ጣትን አያስተምርምና። ለውጥ ካለው፣ ቢያረጅም ይግዛው።

ለሙያው ባለቤቶች ደግሞ ልመና አለኝ። ከያሬድ የተመረቃችሁ ፒያኒስቶች፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ ከጥቁሮቹ ጀምሮ አራቱን ቅኝቶች ከነኖታቸው የሚያስተምር ቀጭን የጀማሪ መጽሐፍ አዘጋጁልን። በአዊዎቹ ቋንቋ በአውንጊ የሚዘፈኑትንም ዜማዎች ጨምሩበት። በእንጅባራ ያሉት ዩኒቨርሲቲውና የመምህራን ኮሌጁም ከሥራ ሰዓት በኋላ ለከተማው ሰው የሚከፈት፣ ኪቦርድ ያለበት አንድ ክፍል ቢያዘጋጁ፣ ነርሷም መምህሩም ለሚቀጥለው ጀማሪ የሚያሳዩት ነገር አላቸው። ሁለቱንም ጠይቄያቸዋለሁ፤ ለማስተማር ፈቃደኞች ናቸው።