ኤስካላ

ባለፈው ዓመት በፋሲካ ሰሞን፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከማድሪድ ወደ አምቦ የምትመጣው አክስቴ የቲኬቷን ፎቶግራፍ በስልክ ላከችልን። ጽሑፉ በእስፓኝ ቋንቋ ነበርና፣ ከቤቱ ልጆች በትምህርት የገፋሁት እኔ ስለሆንሁ እንድተረጉም ታዘዝሁ። «ቡዌሎ ዲሬክቶ» የሚለውን አይቼ፣ ከእንግሊዝኛው ጋር ስለ ተመሳሰለልኝ፣ «ቀጥታ ነው፤ አዲስ አበባ እስኪደርስ የትም አያርፍም» ብዬ በድፍረት ተናገርሁ። ከሥሩ «1 ኤስካላ» የሚል ነበረበት፤ አልገባኝምና ዘለልሁት። አኮ፣ ማለት አያቴ፣ መረቁኝ።

በምትመጣበት ሌሊት ስልኬ ጮኸ። መልእክቱ «መንገድ ላይ አርፈናል» ይላል። እኔም በእንቅልፍ ልብ፣ «አኮ፣ አክስቴ መንገድ ላይ አርፋለች» አልኋቸው። አንባቢ ሆይ፣ በቋንቋችን ያረፈ ሁሉ እንደማይነሣ ታውቃለህ። የትም አያርፍም የተባለው አረፈ ሲባል አኮ ሌላ ምን ይረዱ? እሪ አሉ። ወዲያው ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢውን ሞላው።

ከመጡት መካከል ከ1970 ዓ.ም. የሱማሌ ጦርነት በኋላ ለትምህርት ወደ ኩባ ከተላኩት በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች አንዱ የነበሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ቲኬቱን አነበቡና፣ «አንተ ልጅ፣ ሰው ልትገድል ነበር እኮ!» አሉኝ። ዲሬክቶ ማለት የበረራው ቁጥር አይለወጥም ማለት ነው እንጂ አያርፍም ማለት አይደለም። ጨርሶ የማያርፈው «ሲን ኤስካላስ» ይባላል። ወርዶ በሌላ አውሮፕላን መሳፈር ደግሞ «ኮኔክሲዮን» ነው፤ ተናጋሪዎቹ ግን ይህንንም ብዙ ጊዜ ኤስካላ ይሉታል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን መሰላል ማለት ነው፤ መርከብ በየወደቡ ሲቆም ሰው የሚወርድበት መሰላል።

ለአኮ ግን የገባቸው ጎረቤታችን የነቀምቴን አውቶቡስ ሲያነሡላቸው ነው። ረዳቱ «ቀጥታ አዲስ አበባ!» እያለ ይጮኻል፤ ነገር ግን አምቦ ሲደርስ ይቆማል፤ ተሳፋሪው ምሳውን በልቶ፣ አምቦ ውኃውን ጠጥቶ ወደዚያው ወንበሩ ይመለሳል። ለካስ እኛ ራሳችን ኤስካላ ኖረናል! የኢትዮጵያ አየር መንገድም መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ካይሮ ሲበር አሥመራ ላይ አርፎ ነበር።

አክስቴ በማግሥቱ በሰላም ገባች። አኮ እስከ ዛሬ አውሮፕላን «ወረደ» እንጂ «አረፈ» እንዲባል አይፈቅዱም።