እልልታው ሳይመጣ

ጥር ሲገባ ጉለሌ ድንኳን የማይጣልበት ቅዳሜና እሑድ አልነበረም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሙሽሪትን ለማየት ሲጋፋ፣ እኔን የምታገኙኝ ጥግ ላይ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠው ሚክሰር አጠገብ ነበር። ባለቤቱ ሳውንድ ሲስተም የሚያከራይ የሰፈራችን ሰው ነው፤ ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። መጀመሪያ ገመድ መጠቅለል ፈቀደልኝ፤ ቀጥሎ ማይክ መትከል። ሚክሰሩን ግን ለረጅም ጊዜ ዳር ቆሜ ከማየት በቀር አልነካሁትም።

ጋሼ ሥራውን የሚጀምረው ሁሉንም ዝም በማሰኘት ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱትን ፌደሮች ያወርዳል፣ የጌይን ማዞሪያዎቹን ወደ ግራ ጥግ ይመልሳል። ከዚያ አንድ በአንድ። ዘፋኟ ማይኩን ይዛ «ሄሎ፣ ሄሎ» ስትል «የኔ እህት፣ ማታ ሞቅ ሲልሽ የምትዘፍኚውን አሰሚኝ» ይላታል። እሷ ድምጿን ስትለቀው፣ እሱ ፌደሩ ሳይነሣ መስመሯን ብቻ የሚያሰማውን የፒኤፍኤል ቁልፍ ተጭኖ በሄድፎን እያዳመጠ ጌይኑን ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ያዞረዋል። አረንጓዴው መብራት ይሞላል፣ ቢጫው ብልጭ ይላል፤ ቀዩ ከበራ ትንሽ ወደኋላ ይመልሳል። ፌደሩን ወደ 0 ምልክቱ የሚያነሣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚጠነቀቅ በደንብ የገባኝ ቁጥሩን ሳውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ገበያ ላይ የዋለውና እስከ ዛሬ ከመድረክ ያልወረደው ሹር ኤስኤም58 ማይክ፣ ጠንከር ያለ ድምፅ ሲገባበት የሚሰጠው 2 ሚሊቮልት ያህል ብቻ ነው። የሙያ መሣሪያዎች የሚግባቡበት መጠን ደግሞ 1.23 ቮልት። ልዩነቱ ከ600 እጥፍ ይበልጣል፤ ያንን ሁሉ ሸክም የምታነሣው ያቺ የጌይን ማዞሪያ ናት። ካነሰች፣ ጉድለቱን በፌደርና በማስተር ለመሙላት ሲሞከር የሚክሰሩ የራሱ ሽ የሚል ድምፅ አብሮ ያድጋል። ከበዛች የሞገዱ ጫፍ ይቆረጥና ዘፈኑ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ፌደሩን ማውረድ ስንጥቁን ዝቅ አድርጎ ያሰማል እንጂ አያድነውም፤ ከምንጩ የደፈረሰ ውኃ ታች ወርደው ቢቀዱት አይጠራም።

ከቢጫው በላይ ያለውን ባዶ ቦታ እያሳየ «ይሄ የእልልታው ነው፣ አትንካበት» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ቤተ ዘመድ ተነሥቶ እስክስታው ሲጋጋል፣ ዘፋኟ ሁካታውን ለመብለጥ ከሙከራው በላይ ትጮኻለች። ጥሩ ሚክሰር ከመደበኛው መጠን በላይ ወደ 20 ዴሲቤል ቦታ አለው፤ በቮልት ሲታሰብ 10 እጥፍ መሆኑ ነው። ዛሬ የምሠራበት ዲጂታል ሚክሰር መለኪያ ላይ 0 ጣሪያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚሄዱበት የለም። ስለዚህ የመስመሩን አማካይ ከ0 በታች 18 ዴሲቤል አካባቢ አስቀምጣለሁ፣ የቀረውን ለእልልታው እተዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ዘፈን ከተጀመረ በኋላ አጥብቆ ይከለክል ነበር፦ ጌይን መንካት። ወደ ዘፋኟ ሞኒተር የሚሄደው ድምፅ የሚያልፈው በዚያው በጌይኑ ነው። ሰው እንዲሰማት ተብሎ ጌይኑ ሲጨመር እግሯ ሥር ያለው ስፒከር አብሮ ያድጋል፣ ማይኩም ማፏጨት ይጀምራል። ሰው የሚሰማውን ለማስተካከል ፌደሩ አለ።

ከሁሉ የምወደው ግን አዝማሪ የሚመጣባቸውን ሰርጎች ነበር። ማሲንቆ ባለ አንድ ክር ነው፤ ከኪቦርድና ከከበሮ ጎን ሲቆም ይዋጣል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ጌይኑን እስከ መጨረሻው ይገፋዋል፤ የሚያገኘው ግን የድንኳኑን ጫጫታ ነው። ጋሼ ማዞሪያውን ሳይነካ በፊት ተነሥቶ ይሄድና ማይኩን ወደ ማሲንቆው ቆዳ ያስጠጋዋል። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ወደ 6 ዴሲቤል ይገኛል፤ ያውም ሽ የሚል ድምፅ ሳይጨመርበት። ይህን ደጋግሜ አይቼ ስለነበር፣ አንድ እሑድ የማሲንቆውን መስመር ለእኔ ሲሰጠኝ እጄ ወዴት እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ማይኩን አስጠጋሁ፣ አዝማሪው በሙሉ ጉልበቱ እንዲመታ ለመንኩት፣ ሄድፎኑን አጠለቅሁ። ደጋኑ ክሩን ሲፍቅ ያለው ሻካራ ድምፅ ሳይቀር ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ያን ደስታ እስከ ዛሬ በሌላ ሥራ አላገኘሁትም።

ሰርጉ ሲያልቅ አዝማሪው መጥቶ የጋሼን እጅ ጨበጠ። «ዛሬ ከበሮው እየተመታ የገዛ ማሲንቆዬን ሰማሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለው። ጋሼ ወደ እኔ አመለከተና «እሱን አመስግነው» አለ። ከዚያም ገመድ ስንጠቀልል ስለ ከበሮ ያስረዳኝ ጀመር፤ የድምፁን መጠን የሚያሳየው የሚክሰሩ መርፌ ለመነሣት 300 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚፈልግ የከበሮውን ምት በትክክል አያሳይም፣ ስለዚህ መርፌውን ትቼ ቀዩን መብራት ብቻ ማየት እንዳለብኝ። በሚቀጥለው ሰርግ የከበሮው መስመር የእኔ ሆነ።