ስለ ባለ ብዙ ቀለም ክር ስፌት

በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ የምትኖረው እኅቴ ያረፉትን የእናታችንን ነጠላ ከሥሩ ጥጥና ገበር አግብታ የአልጋ ልብስ ልታደርገው አሰበች። በዚያ አገር ለዚህ ሥራ ክንደ ረጅም የስፌት መኪና አለ። በእኛ ሰፊዎች ዘንድ ጨርቁ በመርፌው ሥር ይሄዳል፤ በዚያ ግን ልብሱ በሁለት ጥቅል ዘንጎች መካከል ተወጥሮ ይቆማል፤ የሚሄደው መኪናው ነው።

ያሳሰበን የክሩ ቀለም ነው። መደቡ ነጭ፣ ጥበቡ ቀይና አረንጓዴ ነውና በአንድ ቀለም ቢሰፋ ወይ ጥበቡ ይደበዝዛል፤ ወይ ነጩ ይጐሰቍላል። በየስንዝሩ ቀለሙን የሚለዋውጥ ክርም ይሸጣል፤ እርሱ ግን የት ላይ እንዲቀላ አይታዘዝም። ደግሞም የላይኛው ክር በተለወጠ ቍጥር የታችኛውም በአምሳያው ሊለወጥ ይገባል። ያለዚያ የክሩ ውጥረት ጥቂት ሲዛባ የታችኛው ቀለም በመርፌው ቀዳዳ ብቅ ብሎ እንደ ነጥብ ይታያል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁ ጸሐፊው ለቅዱሳን ስም ስፍራ እየተወ ጥቍሩን ይጽፍና በኋላ በቀዩ ይመለስበት ነበር። እንዲሁ አንዱን ቀለም በልብሱ ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ልብሱን መልሶ ጠቅልሎ ሌላውን መጀመር ይቻላል። ለእጅ ፈትል ሸማ ግን ይህን አልወደድሁትም፤ በተጠቀለለና በተፈታ ቍጥር ይላላልና። በተወጠረው ክፍል ላይ ቀለሙን ሁሉ ጨርሶ ወደሚቀጥለው ማለፍ፣ ቢያደክምም፣ ይሻላል።

እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ የተበላሸ ወረቀት እንደ ገና እገለብጣለሁ። ይህ ነጠላ ግን ስፌቱ ቢተረተር ቀዳዳው ይቀራል፤ ሁለተኛም የለንም። ስለዚህ ሰፊይቱ አስቀድማ ሁለቱንም ክር በሌላ ሸማ ላይ እንድትፈትን ለእኅቴ ጻፍሁላት፤ ቍራጩንም ከደብዳቤው ጋራ ላክሁ።