ጠመንጃ ስንመርጥ

ርእሱን ያየ አንባቢ ደንግጦ ገጹን እንዳይገለብጥብን አስቀድመን ነገሩን እናብራራ። ማኅበራችን ጦር አላቋቋመም፤ የሚያቋቁምበትም ገንዘብ የለውም። ያለችው ከእንቁጣጣሽ ምሽት የተረፈች ጥቂት ገንዘብ ናት። እሷን ምን እናድርጋት ተብሎ በጠቅላላ ስብሰባ ሲመከር፣ ገሚሱ መጻሕፍት ይገዛባት፣ ገሚሱ የኳስ ማልያ ይሁንባት አለ። በመካከሉ አንዲት እኅታችን ተነሥታ፣ ከከተማው ዳር ያለው የዒላማ ተኩስ ክበብ ለተማሪዎች ቡድን በቅናሽ የአንድ ወቅት አባልነት እንደሚሰጥ አስረዳች። ማልያው በ3 ድምፅ ተሸነፈ።

የክበቡ ደንብ ቀላል ነው። ጠመንጃው የክበቡ ንብረት ነው፤ ከግቢው አይወጣም። ቡድኑ ለወቅቱ አንድ ጠመንጃ ይመርጥና በእሱ ብቻ ይለማመዳል። ለጀማሪ የሚፈቀደውም አጭር፣ ቀላል፣ ባለ 22 ካሊበር ግማሽ አውቶማቲክ የስፖርት ጠመንጃ ነው። ግማሽ አውቶማቲክ ማለት፣ ቃታው አንድ ጊዜ ሲሳብ የሚተኮሰው አንድ ጥይት ብቻ ሆኖ፣ ቀለሁን አስፈንጥሮ ሌላ ጥይት የሚጎርሰው ግን ጠመንጃው ራሱ ነው ማለት ነው። ተኳሹ አያቀባብልም። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልን፤ እንመለስባታለን።

ምርጫው የአንድ ከሰዓት ሥራ መስሎን ነበር፤ 3 ሳምንት ፈጀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እኛ የመጣነው ጠመንጃ በስሙ ከሚጠራበት ቤት ነው። እንግሊዞች በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ሲመጡ የታጠቁት ስናይደር በእኛ አፍ ሰናድር ሆነ፤ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ ውጅግራ ተባለ፤ ከቤልጅግ የመጣው ደግሞ ያገሩን ስም እንደያዘ ቤልጅግ ሆኖ ቀረ። በዚህ ያደገ ሰው ውፍረቷ 5.6 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነች ጥይት ሲያሳዩት ምን ይላል? «ይቺ የወፍ መምቻ ናት» አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ ይህን አነጋገር የፊውዳል ቅሪት ነው ብሎ ፈረጀውና ስብሰባው ግማሽ ሰዓት በዚሁ አለፈ። በቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም።

ከመካከላችን የአንዱ አያት ከ1951 እስከ 1953 እ.ኤ.አ. ድረስ በኮሪያ ከተዋጋው የቃኘው ሻለቃ ነበሩ። አሜሪካን ሠራሽ ካርባይን አንግተው የተነሡት ፎቶግራፍ ዛሬም አዲስ አበባ በቤታቸው ሳሎን ተሰቅሏል። የልጅ ልጃቸው «እሱን የሚመስል ካልሆነ አልተኩስም» አለን። ሌላው ሩገር ፋብሪካ በ1970ዎቹ ያወጣውን ሚኒ 14 ፈለገ። አሠልጣኙ፣ ጡረታ የወጡ የፖሊስ ሰው፣ ፈገግ ብለው አዳመጡትና የሚኒ 14 ጥይት ለእኛ አጭር የመተኮሻ ሜዳ ከመጠን ያለፈ ኃይል እንዳለው፣ ዋጋውም የተማሪ ኪስ እንደማይችለው ነገሩት። በዚህ ተዘጋ።

በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠመንጃዎች ቀሩ። አንደኛው በ1964 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ሩገር 10/22 ነው። 10 የካዝናው ጥይት ቁጥር ነው፤ 22ም ካሊበሩ። ካዝናው እንደ ሌሎቹ ወደ ታች አይንጠለጠልም፤ ጥይቶቹ በውስጡ ክብ ሠርተው ስለሚቀመጡ ከእንጨቱ ጋር ተስተካክሎ ይገጥማል። ሁለተኛው ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ የቤልጅጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ በ1914 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመረው ትንሹ ብራውኒንግ ነው። እውነቱን እንናገርና በውበት ረገድ ሁለቱ አይወዳደሩም። ብራውኒንጉ በእጅ ተጠምዞ ለሁለት ይከፈላል፤ በአጭር ሻንጣ ይገባል፤ ጥይቱን የሚይዘው በሰደፉ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ነው። የቤልጅግ ዘር መሆኑ ከታወቀ በኋላማ ግማሹ ቡድን ልቡን ሰጠው።

ውበት ብቻም አልነበረም። አንዱ ጓደኛችን ግራኝ ነው። ሩገሩ ቀለሁን የሚያስፈነጥረው ወደ ቀኝ ስለሆነ በግራ ትከሻው ለሚተኩስ ሰው ትኩሱ ቀለህ በፊቱ በኩል ያልፋል። ብራውኒንጉ ግን ወደ ታች ነው የሚጥለው። በሌላ በኩል ማልያውን ያሸነፈችው እኅታችን ቁመቷ አጭር ነው። አሠልጣኙ ክንዷን አስጥፈው ሰደፉን በክርኗ ውስጥ አስደገፉና ጣቷ ቃታው ላይ መድረሱን አዩ። በብራውኒንጉ በግድ ደረሰ። ሩገሩ ግን «ኮምፓክት» የሚባል ዓይነት አለው፤ ርዝመቱ 86 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 2 ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ ከመደበኛው በ8 ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ ሰደፉም አጠር ያለ ነው። እንደ ልኳ የተሰፋ ሆነላት። እንግዲህ ለግራኙ የሚስማማው ለአጭሯ አይስማማም፤ ለአጭሯም የሚስማማው ለግራኙ። ድምፅ ብንሰጥ እኩል ለእኩል ወጣ።

አንድ ጓደኛችን ድምፅ አልሰጠም ነበር። ከገጠር የመጣ፣ ጸጥተኛ ልጅ ነው። በየሳምንቱ አብሮን በአውቶቡስ ይሄዳል፤ ከኋላ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ጠመንጃ ግን አይነካም። ሃይማኖት ይሆናል ብለን አልጠየቅነውም።

በሦስተኛው ሳምንት አሠልጣኙ ሁለት ጥይት በሩገሩ ካዝና አጎረሱና አንዱን ወደ ዒላማው ተኮሱ። ከዚያም ካዝናውን ነቅለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ «አሁን ጠመንጃው ባዶ ነው ወይስ አይደለም?» ብለው ጠየቁን። ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ባዶ ነው» አልን። ከኋላችን «አይደለም» የሚል ድምፅ ተሰማ። አሠልጣኙ ማቀባበያውን ሲስቡት ሁለተኛዋ ጥይት ከጎሬዋ ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለች። መጀመሪያዋ እንደተተኮሰች ጠመንጃው ሳይታዘዝ ጎርሷት ኖሯል።

ስንመለስ በአውቶቡስ ውስጥ ነገረን። የዛሬ 7 ዓመት በቤታቸው ሠርግ ነበር። አጎቱ ለሙሽራው ደስታ ክላሹን ወደ ሰማይ ተኩሶ ሲያበቃ ካዝናውን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። መሣሪያውን ለጓደኛችን ታናሽ ወንድም ሰጠና «ባዶ ነው፣ ግድግዳው ላይ ስቀልልኝ» አለው። ልጁ 9 ዓመቱ ነበር። አጎትየው ዛሬም በሕይወት አሉ። በየትንሣኤው እየመጡ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ እናትየው እህል ያቀርቡላቸዋል፤ ሁለቱም ብዙ አይነጋገሩም። ይህን ብሎ ዝም አለ። እስከ ግቢያችን ድረስ የተናገረ ሰው አልነበረም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ውበትም ስለ ቤልጅግም ያነሣ አልነበረም። የጠየቅነው አንድ ጥያቄ ነው፦ ባዶነቱን በዓይናችን የሚያሳየን የትኛው ነው? ሁለቱም ጠመንጃዎች የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ ተከፍተው አይቀሩም፤ ይህ በሁለቱም ያለ ጉድለት ነው። ብራውኒንጉ ግን በእጅ ካልተያዘ ራሱን ይዘጋል፤ ጥይቱም ሰደፉ ውስጥ ስለሚቀመጥ ምን እንደቀረ ለማየት ለጀማሪ ያስቸግራል። የሩገሩ ካዝና ተነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ማቀባበያው ወደ ኋላ ተስቦ በትንሽ መያዣ ይቆለፋል፤ ጎሬው ወለል ብሎ ይታያል፤ ትንሽ ጣትም ይገባል። እጅ ሲወጣ ለሩገሩ ያላወጣው ማንም አልነበረም። የመጀመሪያውን እጅ ያወጣው ግራኙ ነበር።

ግራኙ አሁን ኮፍያና መነጽር አድርጎ ይተኩሳል። አንድ ቀን አንድ ቀለህ በሸሚዙ ኮሌታ ገብቶበት ያስጨፈረው ጭፈራ ከእንቁጣጣሽ ምሽቱ ይበልጣል። የኮሪያው የልጅ ልጅም ሩገሩን ጎንና ጎን ሲያየው የአያቱን ካርባይን ይመስላል ብሎ ታርቋል፤ እኛም አልተከራከርነውም። ጸጥተኛው ጓደኛችን አሁንም አይተኩስም። ተኩሱ ሲቆም ይነሣል፤ ጎሬውን ያያል፤ ትንሽ ጣቱን ያስገባል፤ ቀጥሎ ክበቡ የሰጠንን ቢጫ የላስቲክ ዘንግ ይሰካል። ዘንጉ ሳይሰካ ዒላማ ለማየት ከመሥመሩ የሚያልፍ የለም።

ልምምዱ ዓርብ ከሰዓት ነው። አውቶቡሱ ከቤተ መጻሕፍቱ በር ይነሣል። መምጣት የሚፈልግ አባል ለገንዘብ ያዡ ያሳውቅ፤ የጥይቱን ዋጋ እያንዳንዱ ራሱ ይከፍላል፤ የማልያው ጉዳይም በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ እንደገና ይቀርባል።