አንድ ቃል በደማቅ ቀለም

ዛሬ የማሳያችሁ ሥራ አንድ ጥቁር ካርቶን፣ ትንሽ ነጭ ቀለም፣ አንድ ብሩሽና ሁለት ሦስት ደማቅ ማርከሮች ብቻ ይፈልጋል። ሥራው አንድ ቃል መጻፍ ነው። በደንብ ከተሠራ፣ ከሩቅ የሚያየው ሰው ኤሌክትሪክ የተሰካበት ይመስለዋል። በየክረምቱ በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ክፍል ይህን ሳስተምር ቆይቻለሁ። «እኔ ሥዕል አልችልም» ብሎ የመጣ ሁሉ፣ ፊደል መጻፍ እስከቻለ ድረስ፣ አንድ ነገር ሠርቶ ወደ ቤቱ ይዞ ሄዷል።

በቅድሚያ ስሙን እንመልከት። ሁላችንም «ኒዮን ቀለም» እንላለን። ኒዮን ግን የጋዝ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ዊልያም ራምሴይና ሞሪስ ትራቨርስ የተባሉ ኬሚስቶች ለንደን ውስጥ አገኙት፤ ስሙም የመጣው በግሪክኛ «አዲስ» ከሚለው ቃል ነው። በ1910 ደግሞ ዦርዥ ክሎድ የተባለ ፈረንሳዊ ጋዙን በመስታወት ቱቦ ውስጥ አድርጎ፣ ኤሌክትሪክ አሳልፎበት፣ ፓሪስ ላይ በተዘጋጀ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ አሳየ። የንጹሕ ኒዮን ብርሃን ብርቱካንማ ቀይ ነው።

በእኛ ማርከር ውስጥ ግን ቅንጣት ኒዮን የለም። ስሙን ያገኘው በመልክ ስለሚመሳሰል ነው። ትክክለኛ ስሙ ፍሎረሰንት ቀለም ነው። ተራ ቀለም የወደቀበትን ብርሃን ከፊሉን ውጦ ከፊሉን ይመልሳል። ፍሎረሰንት ቀለም ግን ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ጭምር ይውጥና የሚታይ ብርሃን አድርጎ ያወጣዋል። ከተራው ሮዝ ወይም ከተራው ቢጫ ይልቅ ደምቆ የሚታየን ለዚህ ነው። መብራቱን ብታጠፉት ግን እሱም አብሮ ይጠፋል፤ የራሱ ብርሃን የለውም፣ የሚሰጠው የተቀበለውን ነው። ይህን ስናገር ከተማሪዎቼ አንዱ «አሁን ስብከት ሊጀመር ነው» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። አልጀመርኩም፤ የስብከቱን ነገር ለእናንተ ትቼዋለሁ። ለሥራችን የሚጠቅመን ይህ ነው፦ ይህ ቀለም ብርሃን ባለበት ቦታ መሰቀል አለበት፣ ከሥሩም ብርሃኑን የሚመልስለት ነገር ያስፈልገዋል።

ቀለሙን ለገበያ ያበቁት ሮበርትና ጆሴፍ ስዊትዘር የተባሉ የካሊፎርኒያ ወንድማማቾች ናቸው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሮበርት ሥራ ላይ ሳለ ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ፤ ሐኪሞቹም እስኪያገግም በጨለማ ክፍል እንዲቆይ አዘዙት። ሮበርት ሐኪም ለመሆን ያስብ የነበረ ተማሪ ነበር፤ ጆሴፍ ደግሞ ምትሐት እያሳየ ሰው ማስደነቅ ይወድ ነበር። ሁለቱ አልትራቫዮሌት መብራት ይዘው አባታቸው መድኃኒት ቤት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ገቡና በጨለማ የሚያበሩ ነገሮችን ፈለጉ። ያገኙትን እየቀመሙ ቀለም ሠሩ። ዛሬ ትራፊክ ፖሊስ የሚለብሰው ደማቅ ሰደርያ የዚያው ቀለም ዘመድ ነው።

አሁን ወደ ካርቶኑ እንሂድ። ቃሉን መጀመሪያ በተራ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉት። ፊደላቱን ቁጠሩ፤ ግራና ቀኙ እኩል ባዶ ቦታ እንዲኖረው አስሉ። ከዚያ በጥቁሩ ካርቶን ላይ ከላይና ከታች ሁለት መስመር በጠመኔ አስምሩና ቃሉን በመካከላቸው በስሱ ንደፉት። ቀጥሎ በነጭ አክሪሊክ ቀለም እያንዳንዱን ፊደል የትንሽ ጣት ያህል አወፍራችሁ ቀቡት። ሲደርቅ ድገሙት። ብዙዎች ይህን ደረጃ ዘልለው ደማቁን ማርከር በቀጥታ በጥቁሩ ላይ ያስኬዱታል፤ ከዚያም «ማርከሩ አይሠራም» ይላሉ። ማርከሩ ጤነኛ ነው። ፍሎረሰንት ቀለም ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ጥቁር ብርሃኑን ይበላበታል። ነጩ ግን ይመልስለታል።

ነጩ በደንብ ሲደርቅ ደማቁን ቀለም ከላይ አስኪዱበት፤ ግን መሐል ለመሐል ክር የምታህል ነጭ መስመር ተዉ። እውነተኛውን የኒዮን ቱቦ ስታዩት መሐሉ ነጣ ብሎ ዳርና ዳሩ ነው በቀለም የሚደምቀው፤ ዓይንን የምታሳምነው ያቺ ነጭ ክር ናት። በመጨረሻ ያንኑ ቀለም በውኃ አቅጥናችሁ፣ በደረቅ ስፖንጅ ጫፍ እየነካካችሁ፣ በፊደሉ ዙሪያ እንደ ጭጋግ አልብሱት። ከፊደሉ በራቀ ቁጥር ይሳሳ። አክሪሊክና ጥቁር ካርቶን ያላገኘ ደግሞ በነጭ ወረቀት ላይ በሃይላይተር ይጻፍ፤ ሲደርቅ ዙሪያውን በጥቁር ማርከር ይሙላው። እርጥቡን ከነካው ይጨማለቃልና መታገሥ ነው።

አንድ ነገር ግን በፊደላችን ላይ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ይህን የተማርኩት ከአባቴ ነው። አባቴ በሆሳዕና ከተማ ታፔላ ጻፊ ነበሩ። ላሜራውን ቀብተው ሲያደርቁ፣ ጠመኔ የተነከረ ክር ወጥረው መስመር ሲያወጡ፣ ከዚያም «ሻይ ቤት» ወይም «የልብስ ስፌት» የሚለውን ያለ ንድፍ በብሩሽ ሲያፈስሱት እያየሁ ነው ያደግሁት። «ልጄ፣ ፊደል እግር አለው፤ እግሩን ካልጠበቅሽለት ያነክሳል» ይሉኝ ነበር።

ነገሩ እውነት ነው። «በ»ን ውሰዱ። ግራ እግሩን ብታሳጥሩት «ባ» ይሆናል፤ ቀኙን ብታሳጥሩት «ቦ» ይሆናል። በቀኝ በኩል ወገቡ ላይ ጭረት ብትጨምሩ «ቡ»፣ ያቺኑ ጭረት ወደ እግሩ ብታወርዱ «ቢ»፣ እግሩ ላይ ቀለበት ብታስሩለት «ቤ» ነው። ስለዚህ ለውበት ብላችሁ አንዱን እግር ስትጎትቱ ሌላ ድምፅ እየጻፋችሁ ሊሆን ይችላል። በደማቅ ቀለም ደግሞ አደጋው ይብሳል፤ በፊደሉ ዙሪያ የምናለብሰው ጭጋግ የ«ቤ»ን ቀለበት ሞልቶ «ቢ» ያስመስለዋል። ስለዚህ ቀለበቶቹን ሰፋ አድርጋችሁ ሥሩ፤ ውስጣቸውንም ጥቁር አድርጋችሁ ጠብቁ።

የብራና ጸሐፊዎች በመቃ ብዕር ሲጽፉ ሁለት ቀለም ነበራቸው፤ ጥቁሩ ለአብዛኛው ጽሑፍ፣ ቀዩ ለመክፈቻው መስመርና ለቅዱሳን ስም። ቀለም የሚገባው የት እንደሆነ ያውቁ ነበር። በእኛ ዘመን ሠዓሊ ወሰኔ ኮስሮፍ የአማርኛን ፊደል እያስረዘመና እየቆራረጠ የሥዕሉ ዋና አካል አድርጎታል፤ በእሱ ሸራ ላይ ፊደሉ የግድ ቃል ሆኖ መነበብ የለበትም። የእኛ ሥራ ግን ሊነበብ ይገባዋል። የሚነበበውም በችኮላ፣ በር ላይ፣ ምናልባትም ዓይኑ እንባ በሞላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ይህን ያለ ምክንያት አላነሣሁም። ከሰባት ዓመት በፊት ሐኪሞች አባቴ ግላኮማ እንዳለባቸው ነገሩን። ከጎን ያለው ነገር ቀስ በቀስ እየጨለመባቸው ሄደ። ቀድሞ ጋዜጣው ቀረ፤ ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሱ፣ በትልቅ ፊደል የታተመውም ጭምር። ፊደል ሲጽፉ ለኖሩ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከእጃቸው የወጡት ታፔላዎች ብዙዎቹ ወርደው በታተመ ባነር ተተክተዋል፤ ያሉትንም ማንበብ አልቻሉም። ስለዚህ ነገር ግን አንድም ቀን አልተናገሩም። ዝም ማለት ጀመሩ እንጂ።

የሰው ዓይን በቀን ብርሃን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተውለው በቢጫና በአረንጓዴ መካከል ያለውን ቀለም ነው፤ ወደ 555 ናኖሜትር ገደማ። ዓይኑ ለደከመ ሰውም በጥቁር ላይ ያለ ደማቅ ቢጫ ከብዙ ቀለም ይልቅ ይቀለዋል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ጥቁር ካርቶን ገዛሁ። ከዚያ እርሳሱን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ምን ልጻፍ? ለአንድ ሰው፣ ምናልባት ከእንግዲህ የሚያነበው አንድ ቃል ብቻ ቢሆን፣ ምን ይጻፍለታል? «ተስፋ»ን አሰብኩ፣ «ፍቅር»ን አሰብኩ። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ግን አባቴ ለሰው ሱቅ ብዙ ጊዜ የጻፏቸው ቃላት ናቸው። በመጨረሻ የጻፍኩት «አለሁ» የሚለውን ነው።

ካርቶኑን ከአልጋቸው ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ የመስኮቱ ብርሃን በሚያገኘው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። አባቴ ጭንቅላታቸውን ወዲህና ወዲያ እያዞሩ ፈለጉት፤ አገኙትም። አንድ በአንድ አነበቡት፦ «አ… ለ… ሁ።» ከዚያም «ማነው አለሁ የሚለው?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባባ» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም ብለው «የ‹ለ› እግሮች እኩል ናቸው» አሉ። ከወራት በኋላ ስለ ፊደል የተናገሩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። በዚያ ቀን ስለ ጠመኔ ክር፣ ስለ ላሜራ፣ ስለማይከፍሉ ደንበኞች ሲያወሩ አመሹ።

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼን «ምን ቀለም ትወዳላችሁ?» ብዬ አልጀምርም። «ለማን ነው የምትጽፉት?» እላለሁ። ሰውየው ከታወቀ ቃሉ ይመጣል፤ ቃሉ ከመጣ ቀለሙ አያስቸግርም። ብዙ ጊዜም የሚመጣው ትልቅ ቃል አይደለም። አንዲት ልጅ እናቷ ለሞተችባት ጓደኛዋ «አይዞሽ» ጻፈች፤ ሮዝ ይዛ ነበር፣ ትታ ዝግ ያለ ብርቱካንማ መረጠች። ሌላዋ ለቤታቸው በር «ግቡ» አለች። አንድ ልጅ ደግሞ በአንድ ክፍል አብሮት ከሚያድረው ታላቅ ወንድሙ ጋር ተኳርፎ ነበርና «ይቅርታ» ብሎ ጽፎ ከአልጋው ራስጌ ሰቀለው። ወንድሙ ሦስት ቀን ምንም አላለውም። በአራተኛው ቀን ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከቃሉ ሥር በዚያው አረንጓዴ ማርከር «እሺ» ተብሎ ተጽፎ አገኘ። ጽሕፈቱ ጠማማ ነበር፤ እግሮቹም አያምሩም። እኔ ግን ሙሉ ማርክ ሰጥቼዋለሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልንገራችሁ። ይህ ቀለም ይፈዛል። የሚያደምቀው ብርሃን ራሱ ቀስ በቀስ ያደክመዋል፤ ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው ቦታ አርቃችሁ ብትሰቅሉት ይቆይላችኋል እንጂ ለዘላለም አይቆይም። የአባቴን ካርቶን ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ ጻፍኩት። ዓይናቸው አሁን ብርሃንና ጨለማን ብቻ ነው የሚለየው። ነጩን አክሪሊክ አወፍሬ ስለምቀባው ግን ፊደሉ ከካርቶኑ ከፍ ይላል፤ አባቴም አውርደን ስንሰጣቸው በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ የ«ለ»ን እግሮች ይለካሉ።

ቢጫውን ስደግም እናቴ አይታ «ለማያዩት ሰው ቀለሙ ምን ያደርጋል?» አለችኝ።

ከአልጋው ላይ መልሱን የሰጡት አባቴ ናቸው። «ለሚገባው ሰው ነው» አሏት። «ሊጠይቀኝ የሚመጣው ሁሉ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው፣ የሌለሁ ይመስል። በር ላይ ሲደርስ ያንብበው።»

እኔ ቃሉን የጻፍኩት ከእኔ ወደ እሳቸው ነበር፤ እሳቸው ግን የራሳቸው አድርገውታል። እናንተም የወጣቶች ክፍላችሁ በሚቀጥለው ሲሰበሰብ አንድ ጥቁር ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ። ማርከሩን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ሰው አስቡ። ነጩን ሁለት ጊዜ መቀባት አትርሱ።